የሚጥል በሽታ መነሻው ምንድን ነው?

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ኤች አይ ቪ ስንወያይ ሁልጊዜ ሁለት ጥያቄዎችን እናነሳለን፤ «በምን ይተላለፋል? በምንስ አይተላለፍም?» ዛሬ የምናነሳው በሽታ ግን ለየት ይላል። ከሰው ወደ ሰው ጨርሶ አይተላለፍም። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው እንደ ተላላፊ ቆጥሮ ይሸሸዋል። የሚጥል በሽታ ነው። በሕክምናው ቋንቋ ኢፒለፕሲ ይባላል።

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ናችሁ። ባንዲራ ሊሰቀል ነው። ከሰልፉ መካከል አንዲት ተማሪ ድንገት ጮኻ ትወድቃለች። ሰውነቷ ድርቅ ይላል፤ ከዚያም እጅና እግሯ ይንዘፈዘፋል፤ አፏ አረፋ ይደፍቃል። ምን የሚሆን ይመስላችኋል? ሰልፉ ይበተናል። «አትንኳት! ለሀጯ ከነካችሁ ይይዛችኋል!» የሚል ድምፅ ይሰማል። አንዱ ክብሪት ፍለጋ ይሮጣል፣ ሌላው ቁልፍ ሊያስጨብጣት ይሞክራል፣ የቀሩት ራቅ ብለው ያያሉ። ልጅቷ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ስትነቃ ዙሪያዋ ባዶ ሆኖ ታገኘዋለች። በማግስቱ ዴስክ የሚጋራት የለም። ሳምንት ሳይሞላ እሷም ከትምህርት ቤት ትቀራለች።

ይህች ተማሪ ለምሳሌ ያህል የተነሳች ናት። ነገር ግን ደብረ ታቦር ከተማም ሆነ ጋይንት፣ እስቴም ሆነ እብናት፣ እንዲህ ያለ ነገር ያላየ ወይም ያልሰማ ተማሪ ብዙ አይገኝም። ልጅቷን ከትምህርት ያስቀራት የሁለት ደቂቃው መውደቅ አይደለም። ሰው ስለ በሽታው መነሻ ያለው የተሳሳተ ግምት ነው። ስለዚህ መነሻውን አብረን እንመርምር።

ስንት ሰው ነው የሚታመመው?

የሚጥል በሽታ ብርቅ በሽታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ። ከእነዚህም 80 በመቶ የሚጠጉት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ውስጥ የሚኖሩ ናቸው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ደግሞ በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት መሪነት በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት የተካሄደ ጥናት አለ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። ከ60,000 በላይ ከሆነ ሕዝብ መካከል 316 ሕሙማን ተገኝተዋል። ይህ ማለት ከ1,000 ሰው ውስጥ 5 ያህሉ ማለት ነው። በዚህ ስሌት 2,000 ተማሪዎች ባሉበት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 10 ያህል ሊኖሩ ይችላሉ። «እኛ ትምህርት ቤት አንድም የለም» የምትሉ ካላችሁ ምናልባት ተደብቀው ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ትምህርታቸውን ጥለው ቤት ቀርተው ይሆናል።

አንጎል ውስጥ ምን ይከሰታል?

አንጎላችን 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። እነዚህ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በጣም ጥቃቅን በሆነ የኤሌክትሪክ መልእክት ነው። እጃችንን ስናነሳ፣ ስናስብ፣ ስናይ፣ ስንስቅ ሁሉ ይህ መልእክት በተራና በሥርዓት ይተላለፋል።

70 ተማሪዎች ያሉበትን ክፍል አስቡ። መምህሩ ሲጠይቅ አንዱ ይመልሳል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ ሦስተኛው ይጽፋል። ትምህርቱ ይሄዳል። ድንገት 70ውም ባንድ ጊዜ ቢጮኹስ? መምህሩም አይሰማ፣ ተማሪውም አይሰማ። ጩኸቱ እስኪበርድ ድረስ ክፍሉ ሥራ ያቆማል። በአንጎል ውስጥ የሚሆነውም እንዲሁ ነው። ብዙ የነርቭ ሕዋሳት ያለ ሥርዓት ባንድ ጊዜ መልእክት ሲለቁ ሰውየው ራሱን ሊስት፣ ሊወድቅ፣ ሊንዘፈዘፍ ይችላል። ጩኸቱ ሲበርድ አንጎሉ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ሰውየውም ደክሞትና ግራ ገብቶት ይነቃል።

ይህ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1929 ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር የሰው አንጎል የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ከራስ ቅል ውጭ ሆኖ ሊመዘገብ እንደሚችል የሚያሳየውን የመጀመሪያ ጽሑፉን አሳተመ። ዛሬ ኢ ኢ ጂ የሚባለው መሣሪያ የተገኘው ከዚያ ሥራ ነው። በሽታው ሲነሳ መሣሪያው ላይ የሚታየው መስመር ይረበሻል። ለሀጩም አረፋውም መነሻ አይደሉም። በዚያች ደቂቃ ምራቁን መዋጥ ያልቻለ ሰው ተራ ምራቅ ነው፤ ማንንም አይዝም።

ሁሉም አይወድቅም

ብዙዎቻችን የሚጥል በሽታ ሲባል መውደቅና መንዘፍዘፍ ብቻ ይመስለናል። ግን መልኩ ብዙ ነው። ሁከቱ በአንጎል አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ አንድ እጅ ብቻ ሊንቀጠቀጥ፣ ሌላ ሰው የማይሸተው ሽታ ሊሸት፣ ወይም ሰውየው ሳይታወቀው አፉን ሊያላምጥ፣ ልብሱን ሊነካካ ይችላል። አንዳንድ ልጆች ደግሞ ጨርሶ አይወድቁም፤ ለጥቂት ሰከንዶች ዓይናቸው አንድ ቦታ ላይ ፍዝዝ ብሎ ይቀራል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላሉ። መምህር «ልብህ የት ነው ያለው?» ብሎ የሚቆጣው ተማሪ አንዳንዴ ቀልደኛ ወይም ሰነፍ ሳይሆን ሕመምተኛ ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል አንድ ጊዜ መውደቅ ብቻውን የሚጥል በሽታ አለ አያሰኝም። ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ትኩሳቱ ሲጨምር ሊንዘፈዘፍ ይችላል፤ አብዛኞቹ ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ይሁንና ሕፃኑ ቶሎ መታየት አለበት፤ ትኩሳቱ ከማጅራት ገትር ወይም ከወባ የመጣ ሊሆን ይችላልና። የሚጥል በሽታ የሚባለው ብዙውን ጊዜ እንደ ትኩሳት ያለ ጊዜያዊ ምክንያት ሳይኖር ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ሲነሳ ነው።

ታዲያ መነሻው ምንድን ነው?

መነሻው አንድ አይደለም። አንጎልን የሚጎዳ ወይም አሠራሩን የሚያዛባ ብዙ ነገር ለበሽታው ምክንያት ሊሆን ይችላል። ዋና ዋናዎቹን እንመልከት።

1. በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ጉዳት፦ ምጥ ሲረዝም ሕፃኑ በቂ ኦክስጅን ላያገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ አንጎሉ ይጎዳል። ከጉና ሥር ካለ ጎጥ፣ መኪና ከማይገባበት ቦታ፣ ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ተይዛ ስትወርድ የሚጠፋው ሰዓት ለእናትየዋም ለልጇም ውድ ነው። በጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ውስጥ ቀኗን መጠበቅ የሚመከረው ለዚህ ነው።

2. የጭንቅላት ጉዳት፦ የመኪና አደጋ፣ ከዛፍ ወይም ከገደል መውደቅ፣ በዱላ ራስ ላይ መመታት። ቁስሉ ከዳነ ከወራት አልፎም ከዓመታት በኋላ በሽታው ሊነሳ ይችላል። እንግዲህ በጥምቀት ወይም በሠርግ ላይ በስካር የተሰነዘረች አንዲት ዱላ ለዕድሜ ልክ ጠባሳ ልትተው ትችላለች።

3. ወደ አንጎል የሚደርስ ኢንፌክሽን፦ ማጅራት ገትር አንዱ ነው። እንደ ፎገራና ሊቦ ከምከም ባሉ ወባማ አካባቢዎች ደግሞ ወደ ጭንቅላት የወጣ ወባ የዳነውን ልጅ የሚጥል በሽታ ሊተውበት ይችላል። ክትባት፣ አጎበርና ቶሎ መታከም እዚህ ላይ ዋጋ አላቸው።

4. የአሳማ ኮሶ ትል፦ በብዙ የዓለም ክፍሎች ከሚታወቁት መነሻዎች አንዱ ነው። «ታዲያ ጥሬ ሥጋ መብላት የሚጥል በሽታ ያመጣል ማለት ነው?» ልትሉ ትችላላችሁ። አይደለም። በአገራችን ጥሬ ሥጋ በመብላት የሚይዘን የተለመደው ኮሶ የበሬው ነው፤ እሱ አንጎል ውስጥ አይገባም። አንጎል ውስጥ የሚገባው የአሳማው ትል ሲሆን፣ እንቁላሉ ትሉ ካለበት ሰው ዓይነ ምድር ወጥቶ በውኃ፣ በምግብ ወይም ባልታጠበ እጅ ሲዋጥ ነው። ስለዚህ አሳማ የማይበላ ሰውም ሊያዝ ይችላል። መከላከያው ሽንት ቤት መጠቀምና እጅን በሳሙና መታጠብ ነው።

5. ኤች አይ ቪ፦ እዚህ ላይ የመጽሔታችንን ዋና ጉዳይ የሚነካ ነገር አለ። ኤች አይ ቪ የሰውነትን የመከላከል አቅም በጣም ሲያዳክም ቶክሶፕላዝማ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ፣ ክሪፕቶኮከስ የተባለ ፈንገስ፣ ወይም የቲቢ ባክቴሪያ አንጎልንና ሽፋኑን ሊያጠቁ ይችላሉ። ያን ጊዜ ሰውየው ሊወድቅና ሊንዘፈዘፍ ይችላል። አዋቂ ሰው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጥለው ሐኪሙ የኤች አይ ቪ ምርመራም ቢመክረው ለዚህ ነው። ልብ በሉ! ይህ ማለት የሚጥል በሽታ ያለበት ሁሉ ኤች አይ ቪ አለበት ማለት አይደለም።

6. ስትሮክና የአንጎል ዕጢ፦ እነዚህ በብዛት የሚታዩት በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ነው።

7. ዘረመል፦ አንዳንዱ የሚጥል በሽታ ከወላጅ ከሚወረስ ዘረመል ጋር ይያያዛል። ይሁን እንጂ በሽታው ካለባቸው ወላጆች የሚወለዱ አብዛኞቹ ልጆች አይታመሙም። «የዘር በሽታ ነው፣ ከዚያ ቤት አትጋቡ» የሚለው ፍርድ ስንቱን ቤተሰብ አሳፍሯል! እውነታው ግን ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም።

8. ያልታወቀ መነሻ፦ እንደ ዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ካሉት ሕሙማን በግማሽ ያህሉ መነሻው አይታወቅም። ግን መነሻው አለመታወቁ መድኃኒት የለውም ማለት አይደለም። ሕክምናው ለእነሱም ይሠራል።

እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። ድርጅቱ እንደሚለው ከአራት ሕሙማን የአንዱን ያህል በሽታውን መከላከል ይቻል ነበር። እንዴት? ከላይ እንዳያችሁት በጤና ተቋም በመውለድ፣ በክትባት፣ በአጎበር፣ በሽንት ቤት፣ ከአደጋና ከዱላ በመራቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

መነሻና ቀስቃሽ ይለያያሉ

በሽታው ያለበት ሰው ሁልጊዜ አይወድቅም። እንዲነሳበት የሚያደርጉ ነገሮች አሉ። እነዚህ ቀስቃሾች እንጂ መነሻዎች አይደሉም። እንቅልፍ ማጣት፣ መድኃኒት መዝለል፣ አረቄና ሌላ የአልኮል መጠጥ፣ ትኩሳት ዋናዎቹ ናቸው። ለፈተና ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና ያደረ ተማሪ ጠዋት ቢጥለው «ትምህርቱ አሳበደው» ይባላል። ያሳበደው ነገር የለም፤ እንቅልፍ አጥቶ ነው። ጓደኛችሁ ይህ በሽታ ካለበት ማታ በጊዜ እንዲተኛ ምከሩት፤ «አንድ መለኪያ ምን ታደርግሃለች?» አትበሉት።

«የሰይጣን ሥራ ነው» ስንል ምን እናጣለን?

በአካባቢያችን ብዙ ሰው የሚጥል በሽታን የጋኔን ልክፍት ወይም የዛር ሥራ አድርጎ ያየዋል። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። የጥንት ግሪኮችም «ቅዱስ በሽታ» ብለው ከአማልክት የሚመጣ አድርገው ያዩት ነበር። ከክርስቶስ ልደት 400 ዓመት ገደማ በፊት ግን በሂፖክራተስ ስም በሚታወቅ አንድ የሕክምና ጽሑፍ ውስጥ ይህ በሽታ ከሌሎቹ በሽታዎች የተለየ ቅዱስነት እንደሌለውና ምክንያቱ አንጎል ውስጥ እንደሆነ ተጽፏል። እንግዲህ ጥያቄው ከ2,400 ዓመት በፊትም ነበረ፤ መልሱም ያኔውኑ ተጀምሮ ነበር።

መነሻን አሳስቶ መገመት የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማየት ከደቡብ ጎንደር አንድ ታሪክ እናንሳ። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ብዙ ሰው በማይለቅ ትኩሳትና በክሳት ተሠቃየ፤ የሞተም ብዙ ነበር። መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ተገመተ። የወባ መድኃኒት ግን አላዳነም። በኋላ ናሙና ሲመረመር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ትክክለኛው ሕክምና አዲስ ዘመን ላይ ሲሰጥ ሕሙማኑ መዳን ጀመሩ። በሽታው ያው ነው፣ ሰውም ያው ነው፤ የተለወጠው የመነሻው ዕውቀት ነው። የሚጥል በሽታም እንዲሁ ነው። መነሻውን ሌላ ቦታ ስንፈልግ አንጎሉ ሳይታከም ይቀራል።

ይህን ስንል እምነትን መንቀፋችን አይደለም። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ የሚጸልይ ይጸልይ። አደጋው ያለው መድኃኒቱ ሲቋረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ የተያዙ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ይህ ምክር ለሚጥል በሽታም ይሠራል። በጾም ወቅት የመድኃኒት ሰዓት የሚያስቸግር ከሆነ ከንስሐ አባትና ከጤና ባለሙያ ጋር መመካከር ነው እንጂ በራስ ፈቃድ መተው አይገባም።

ሐኪሙ የሚፈልገው ምስክር

አሁን ወደ እናንተ የሚመለከት ነገር እንምጣ። ሐኪሙ በሽታውን የሚለየው በምን ይመስላችኋል? ኢ ኢ ጂ ይረዳል፤ ግን በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ በሽታው ያለበት ሰው ተመርምሮም መስመሩ ደህና ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በላይ የሚረዳው ነገር ያየ ሰው የሚሰጠው ቃል ነው። የወደቀው ሰው ራሱን ስለሳተ ምን እንደሆነ አያውቅም። ማን ያውቃል? አብሮት የነበረው።

ስለዚህ ሐኪሙ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፦ ከመውደቁ በፊት ምን እያደረገ ነበር? መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው የትኛው የሰውነቱ ክፍል ነው? ዓይኑ ክፍት ነበር ወይስ ጨፍኗል? ስንት ደቂቃ ቆየ? ምላሱን ነክሷል? ሽንት አምልጦታል? ሲነቃ እንዴት ሆነ? መልሶቹ ሐኪሙን ወደ መነሻው ይመሩታል። በአንድ እጅ የጀመረ መንቀጥቀጥ የአንጎሉን የተጎዳ ወገን ሊጠቁም ይችላል። በረሃብ ወይም በድንጋጤ ራስን መሳትም ከሚጥል በሽታ የሚለየው በዚህ ነው።

ሁሉም ሰው ከሸሸ ግን ምስክር የለም። ምስክር ከሌለ መነሻውም ቶሎ አይገኝም። መነሻው ካልተገኘ «ሰይጣን ነው» የሚለው ወሬ ቦታውን ይይዛል። አያችሁ እንዴት እንደሚዞር? የምንሸሸው መነሻውን ስለማናውቅ ነው፤ መነሻውን የማናውቀው ደግሞ ስለምንሸሽ ነው።

ሲጥለው ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በራሱ ይቆማል።

- ሰዓት ተመልከቱ፤ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ያዙ።
- ከእሳት፣ ከምድጃ፣ ከገደል፣ ከውኃና ከስለታም ነገር አርቁት። በደጋው ብርድ ቤተሰብ ሁሉ እሳት ከቦ ስለሚቀመጥ ብዙ ሕሙማን የሚጎዱት በበሽታው ሳይሆን በቃጠሎ ነው።
- ሹራብ ወይም ጋቢ አጥፋችሁ ከራሱ ሥር አድርጉ። አንገቱን የያዘ ነገር ካለ አላሉለት።
- መንዘፍዘፉ ሲቆም በጎኑ አስተኙት፤ ምራቁ ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ እንዳያንቀውም ይረዳል።
- ልብሷ የተገለጠ ወይም ሽንት ያመለጣት ከሆነ በነጠላ ሸፍኗት። ተመልካቹን በትኑ።
- እስክትነቃ ድረስ አብራችሁ ቆዩ። ስትነቃም የሆነውን ረጋ ብላችሁ ንገሯት።

የማይደረገውስ?

- በጉልበት ይዛችሁ አታስቁሙት።
- አፉ ውስጥ ማንኪያ፣ እንጨት ወይም ጣት አታስገቡ። ምላስ አይዋጥም፤ ጥርስ ግን ይሰበራል፣ ጣትም ይነከሳል።
- ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት። ጭሱ ሁከቱን አያቆምም፤ የቆመ የሚመስለው በራሱ የሚበርድበት ሰዓት ስለደረሰ ነው።
- በደንብ ሳይነቃ ውኃም ምግብም አትስጡት።

ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ራሱን ክፉኛ ከጎዳ፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

መድኃኒት አለው ወይ?

አለው! ከ10 ሕሙማን እስከ 7ቱ በትክክል ተመርምረው መድኃኒት ቢያገኙ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ፌኖባርቢታል የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ ይሰጣል፤ ዋጋው ርካሽ ነው። ሌሎችም አሉ፤ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ቫልፕሮዌት ይባላሉ። የቱ ለማን እንደሚስማማ የሚወስነው የጤና ባለሙያው ነው። ለምሳሌ ቫልፕሮዌት ለጽንስ አደገኛ ስለሆነ ሴቶች ልጆች በዚህ ጉዳይ ከሐኪም ጋር በግልጽ መነጋገር አለባቸው።

ለዚህ ሕክምና አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የግድ አይደለም። በጎንደርና በጅማ አካባቢ ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች የሠለጠኑ ነርሶች የሚጥል በሽታን ሲያክሙና ሲከታተሉ ቆይተዋል። ጉዳዩ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ከሆነ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሪፈር ይጻፋል።

ግን አንድ ትልቅ «ግን» አለ። መድኃኒቱ በየቀኑ፣ በሰዓቱ መወሰድ አለበት። «ስድስት ወር አልጣለኝም፣ ድኛለሁ» ብሎ በድንገት ማቆም በሽታውን በከፋ መልኩ ይመልሰዋል፤ ለሕይወትም ያሰጋል። ሐኪሙ ስለ ማቆም የሚያስበው አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይጥል ካለፈ በኋላ ነው፤ ያኔም ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው።

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሚወስዱ ወጣቶች ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ዛሬ በአገራችን በብዛት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ያለበት መድኃኒት ነው። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን በደም ውስጥ ያለውን የዶሉቴግራቪር መጠን ይቀንሱታል። አንዳንድ የእርግዝና መከላከያ እንክብሎችንም ያዳክማሉ። ስለዚህ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሁለቱም ክሊኒክ ንገሩ። በራሳችሁ ግን አንዱንም አታቁሙ።

መገለል ሁለተኛው በሽታ ነው

ኧርቪንግ ጎፍማን የተባለው የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ መገለል በጻፈው መጽሐፉ ሰዎችን በሁለት ከፍሎ ያያል። የአንዳንዱ ሰው ምልክት ሁሉ ያየዋል። የሌላው ግን አይታይም፤ ስለዚህ «ይታወቅብኝ ይሆን?» እያለ ቀኑን በሥጋት ያሳልፋል። የሚጥል በሽታም ኤች አይ ቪም ከዚህኛው ወገን ናቸው። ሁለቱም ሰውን መድኃኒቱን ደብቆ እንዲውጥ፣ አልፎም እንዲተው ያደርጉታል።

በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ብዙ ሰው በቫይረሱ የተያዘን ሰው ለመጨበጥ እጁን ይሰበስብ ነበር። ያንን ፍርሃት ምን አቀነሰው? ሁለት ነገር። አንደኛው ስለ መተላለፊያው መንገድ የተሰጠው ትምህርት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በአልጋ ላይ የነበረ ሰው መድኃኒት ወስዶ ወደ ሥራው ሲመለስ ጎረቤት በዓይኑ ማየቱ ነው። በየትምህርት ቤቱ የነበሩት የፀረ ኤድስ ክበባት ለዚህ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ያው ሥራ ለሚጥል በሽታም ይጠብቀናል።

ምን ማድረግ ትችላላችሁ? በሚኒ ሚዲያ አንድ ዝግጅት ስጡት። ከጤና ጣቢያ ባለሙያ ጋብዛችሁ የመጀመሪያ እርዳታውን በሰልፍ ሜዳ ላይ በተግባር አሳዩ። ዓለም አቀፍ የኢፒለፕሲ ቀን በየዓመቱ በፈረንጆቹ ፌብሯሪ ሁለተኛው ሰኞ፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት መጀመሪያ አካባቢ ይከበራል፤ ቀኑን ተጠቀሙበት። በዚህ በሽታ ምክንያት ከትምህርት የቀረ ልጅ በሰፈራችሁ ካለ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ለምታምኑት መምህር ንገሩ፤ እሱንም ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁት። ክፍል ሲመለስ ደግሞ ዴስካችሁን አጋሩት።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ሰው በሽታውን የሚደብቀው ሲያወጣው የሚሸሸው ስለሚበዛ ነው። ስለዚህ የምንሸሸው እኛ ባንኖር የሚደብቀውም ይቀንሳል። መነሻው አንጎል ውስጥ እንጂ ለሀጩ ውስጥ አለመሆኑን ያወቀ ሰው ለመሸሽ ምክንያት የለውም።